የአልማዝ ባለጭራ ጭራ እስከ አንጎል ይደርሳል

የልጅ ጉድፍና የአያት አልማዝ ባለጭራ የአንድ ቫይረስ ሥራ ናቸው፤ አልፎ አልፎም ስትሮክ ያስከትላሉ

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አንድ ሕፃን ጉድፍ ሲወጣበት ወሬው ከበሽታው እኩል ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ልጆች በአንድ ግቢ ይጫወታሉ፤ እናቶች በአንድ ጀበና ዙሪያ ይሰበሰባሉ። «ግዴለም፣ የልጅ በሽታ ነው፤ ወጥቶለት ይገላገል» የሚል ምክር ከየበሩ ይሰማል። እዚያው ብሎክ ላይ ወገባቸውን ወይም ግንባራቸውን በአንድ በኩል ብቻ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የያዛቸው አዛውንት ቢኖሩ ደግሞ «አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ሸረሪት ነክታቸው ይሆናል» ይባላል። የልጁ ጉድፍና የአዛውንቷ አልማዝ ባለጭራ እንደማይተዋወቁ ሁለት እንግዶች ይታያሉ።

እውነቱ ሌላ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የተባለ አንድ ቫይረስ ነው። ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ጀምሮ ቆዳ ላይ ያበቃል። አንዳንዴ ግን አቅጣጫውን ይቀይርና ደም ወደ አንጎል የሚወስዱትን የደም ሥሮች ያጠቃል። የደም ሥሩ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ውስጡ ይጠባል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ሽፍታው ደርቆ ጠባሳው እንኳ በተረሳበት ጊዜ፣ ስትሮክ ይከተላል።

ስትሮክ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ ጨውንና ሲጋራን ነው። ይህ ትክክል ነው፤ አብዛኛው ስትሮክ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ተላላፊ በሽታ የደም ሥርን ሊጎዳ እንደሚችልም ሐኪሞች ከጥንት ያውቃሉ፤ ሳይታከም የቆየ ቂጥኝ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር እንደሚያበላሽ የታወቀ ነው። በየቤቱ የምናውቀው ጉድፍ ከዚህ ወገን መሆኑን የሚያውቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ነገሩ እምብዛም አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ብዙ ሊያተርፍ ስለሚችል ነው።

ሁለት ስም፣ አንድ ቫይረስ

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ጉድፍ ኩፍኝ አይደለም። ኩፍኝ በትኩሳት፣ በሳልና በቀላ ዓይን ጀምሮ ደቃቅ ቀይ ሽፍታ የሚያወጣ ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባቱም በየጤና ጣቢያው ይሰጣል። ጉድፍ ደግሞ ውሃ የቋጠረና የሚያሳክክ ሽፍታ ነው። በመላ ሰውነት ላይ በየተራ ይወጣል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይፈነዳል። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፍታው ይታያል። ልጁ ወደ ሌላው ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ጉድፍን ማቆም የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ልጁ ይድናል። ቫይረሱ ግን ከሰውነቱ አይወጣም። በአከርካሪ አጥንት ዳርና ከራስ ቅል ሥር ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሳይታወቅ ሊተኛ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም በሌላ ምክንያት የሰውነት የመከላከል አቅም ሲደክም ይነቃና አንዱን ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ያኔ አልማዝ ባለጭራ እንለዋለን። በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣው፣ እንደ ቀበቶም ተዘርግቶ የሚታየው፣ አንድ ነርቭ የሚያዳርሰውን ቦታ ብቻ ስለሚከተል ነው። ከሽፍታው በፊት ለጥቂት ቀናት ቦታው እንደ እሳት ሊያቃጥልና ሊወጋ ይችላል። «ዞሮ ከተገናኘ ይገድላል» የሚሉ አሉ፤ ይህ እውነት አይደለም። ሸረሪትም በነገሩ የለችበትም።

ይህን ግንኙነት ሳይንስ የደረሰበት ቤተሰብን በማየት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ያኖሽ ቦካይ የተባለ የሃንጋሪ የሕፃናት ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። በአንድ ቤት ውስጥ አዋቂ ሰው አልማዝ ባለጭራ ሲይዘው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቤቱ ያሉ ሕፃናት ጉድፍ ይወጣባቸው ነበር። ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የተባለ የእንግሊዝ የገጠር ሐኪም ደግሞ የራሱን ታካሚዎች ለ16 ዓመታት መዘገበ፤ በስኮትላንድ ሰሜን ወዳለችው የል የምትባል ደሴት ድረስ ሄዶም ነዋሪውን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ አልማዝ ባለጭራ ከውጭ የሚመጣ አዲስ በሽታ ሳይሆን በልጅነት የገባው ጉድፍ እንደገና ሲነቃ የሚታይ መሆኑን አስረዳ። ኋላ የመጣው የላቦራቶሪ ሳይንስም ልክ መሆኑን አረጋገጠለት።

ከነርቭ ወደ ደም ሥር

ቫይረሱ ወደ አንጎል ደም ሥር የሚደርሰው እንዴት ነው? መልሱ ከሰውነታችን አሠራር ላይ ነው። ከራስ ቅል ሥር ያለው ትልቁ የፊት ነርቭ ቋጠሮ ቅርንጫፎቹን ወደ ግንባር፣ ወደ ዓይንና ወደ ጉንጭ ይልካል። ከዚያው ቋጠሮ የሚነሱ ሌሎች ቀጫጭን ቅርንጫፎች ደግሞ ወደ ውስጥ፣ ወደ አንጎል ትልልቅ ደም ቅዳ ሥሮች ይሄዳሉ። ቫይረሱ በእነዚህ መንገዶች ተጉዞ የደም ሥሩን ውጫዊ ግድግዳ ያገኛል። እዚያ ይራባል፤ የሰውነት መከላከያ ሴሎችም ሊዋጉት ይሰበሰባሉ። ጦርነቱ የሚካሄደው ግድግዳው ውስጥ ነውና ግድግዳው ይወፍራል፤ ደም የሚያልፍበት መንገድ ይጠባል፤ በጠበበውም ቦታ ደም ሊረጋ ይችላል። አንዳንዴ ግድግዳው ደክሞ ይለጠጥና ደም ይፈስሳል።

ይህን በሽታ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች ዶን ጊልደንና ማሪያ ናጌል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 የ30 ሕሙማንን ታሪክ አሳትመዋል። ከሽፍታው እስከ አንጎል ምልክቱ ድረስ በአማካይ አራት ወር ገደማ አልፎ ነበር። ከሕሙማኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ ጭራሽ ሽፍታ አልታየባቸውም። ሁለቱም ቁጥሮች የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፦ ስትሮኩ ሲመጣ ሽፍታው ከፊታችን ላይኖር ይችላል።

በልጆች ላይ

ጉድፍ የያዘው ልጅ በአብዛኛው በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ድኖ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ከጉድፍ በኋላ ስትሮክ የሚያገኘው ልጅ ከ15,000 አንድ ያህል እንደሆነ ይገመታል። በሌላ በኩል ሲታይ ግን ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት ስትሮክ ያጋጠማቸውን ሕፃናት ሲመረምር፣ 31 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ጉድፍ ይዟቸው ነበር፤ በጤነኞቹ ልጆች ዘንድ የተገኘው 9 በመቶ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ከጉድፍ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት የልጆች የስትሮክ ዕድል ወደ አራት እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። የልጆች ስትሮክ ከመነሻው በጣም ጥቂት ስለሆነ አራት እጥፉም ጥቂት ነው። ቢሆንም ልብ ማለት ይገባል።

ችግሩ ልጅ ስትሮክ ይይዘዋል ብሎ የሚያስብ ሰው አለመኖሩ ነው። ሕፃኑ ማንኪያውን በለመደው እጁ መያዝ ሲያቅተው «ወድቆ ይሆናል» እንላለን። አንድ እግሩን እየጎተተ ሲሄድ «ጫማው ጠቦት ነው» እንላለን። ፊቱ ወደ አንድ በኩል ሲጣመም «ብርድ መታው» ይባላል፤ አንደበቱ ሲተሳሰር ወይም አንድ እጁ ሳያዘው ሲንቀሳቀስ «ቡዳ በልቶት ነው» የሚልም አይጠፋም። ባለፉት ወራት ጉድፍ ወጥቶበት የነበረ ልጅ እንዲህ ዓይነት ምልክት በድንገት ካሳየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ምልክቱ ለደቂቃዎች ታይቶ ቢጠፋም መወሰዱ አይቀርም፤ መጥቶ የሚሄድ ድካም የሚከተለውን ትልቅ ጉዳት የሚያስጠነቅቅ ሊሆን ይችላልና።

በአያቶች ላይ

ከአሜሪካ የሚወጡ መረጃዎች ከሦስት ሰው አንዱ በዕድሜው ዘመን አልማዝ ባለጭራ እንደሚይዘው ያሳያሉ፤ ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። አያቶችን የሚያሠቃየው ዋናው ነገር ሕመሙ ነው። ሽፍታው ከደረቀ በኋላ እንኳ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ልብስ ሲነካው የሚያንገበግብ የነርቭ ሕመም ይቀራል። የበሽታው አንዱ ጭራ ይህ ነው። ሌላው ጭራ ስትሮክ ነው።

ከታይዋን የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት 7,760 የአልማዝ ባለጭራ ሕሙማንን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ31 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሽፍታው በግንባርና በዓይን አካባቢ የወጣባቸው ግን ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። በብሪታንያ 6,584 ሰዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ደግሞ ጊዜውን ለይቶ አሳየ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የስትሮክ ዕድል በ63 በመቶ ይጨምራል፤ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ወደ 42 በመቶ፣ እስከ ስድስት ወር ድረስ ደግሞ ወደ 23 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። የዚህ ጥናት ጥሩ ዜና ፀረ ቫይረስ መድኃኒት የወሰዱት ሕሙማን ካልወሰዱት ይልቅ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው።

እነዚህ መቶኛዎች ብዙዎቹ አልማዝ ባለጭራ የያዛቸው ሰዎች ስትሮክ ያገኛቸዋል ማለት አይደሉም። ትልቁ ቁጥር ያለ ችግር ይድናል። ነገር ግን አያትዎ ቀድሞውኑ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባቸው አልማዝ ባለጭራው በተሸከሙት ሸክም ላይ የሚጨመር ነው። ስለዚህ በእነዚያ ወራት የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸው አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ ያስፈልጋል።

በእኛ አገር

የኢትዮጵያ የዓይን ሐኪሞች በዓይን ላይ የሚወጣ አልማዝ ባለጭራ ስላጋጠማቸው ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ሌላው ዓለም የአዛውንቶች በሽታ የሚለው ነገር በእኛ ዘንድ ወጣቶችን ይዞ ተገኘ፤ ከጀርባውም ኤችአይቪ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው አልማዝ ባለጭራን በሹክሹክታ የሚጠራው ለዚህ ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ፍርሃት የተነሳ ሕመምተኛውን ደብቆ፣ ቅጠል ጨምቆ ቀብቶ፣ ጊዜውን አሳልፏል።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰውም የመከላከል አቅሙ ይመለሳል። ስለዚህ ከ50 ዓመት በታች የሆነ ሰው አልማዝ ባለጭራ ሲይዘው ሐኪም የኤችአይቪ ምርመራ ቢጠይቅ ለውርደት ሳይሆን ለጥንቃቄ ነው። በተቃራኒው ደግሞ አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሁሉ ኤችአይቪ አለበት ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የ70 ዓመት እናት ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዕድሜ ብቻ ነው።

እንጦጦ ተራራ ላይ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን ብዙ ናቸው። እምነትና ሕክምና እንደማይጣሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን በተመለከተ በይፋ ተናግረው ነበር። ለአልማዝ ባለጭራም ያው ነው። ጠበሉ አይቀርም፤ መድኃኒቱም ሰዓቱ አይለፍ። ሊቀር የሚገባው ቁስሉን በእሳት ማቃጠል፣ መብጣትና ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ዓይን አጠገብ መቀባት ነው። ቲቲሲ ቅባትም ሆነ ሌላ አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይገድለውም።

72 ሰዓት

አልማዝ ባለጭራን የሚያክመው አሳይክሎቪርና የእሱ ቤተሰብ የሆኑ ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች ናቸው። በጣም የሚጠቅሙት ሽፍታው ከታየ በ72 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ቅዳሜ ማታ ሽፍታ የወጣባቸው እናት «ሰኞ እናየዋለን፣ ካልሆነ ማክሰኞ» ሲባል ጊዜው አለፈ ማለት ነው። ሦስቱ ቀን ካለፈም መሄድ አይቅር፤ በተለይ ዓይን ከተነካ ወይም አዲስ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊጀምር ይችላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ኩላሊታቸው የደከመ አዛውንቶች መጠኑ ይስተካከልላቸዋልና ከጎረቤት የተረፈ ክኒን አይዋስላቸው።

አንድ ምልክት በተለይ ይታወስ። ሽፍታው በአፍንጫ ጎን ወይም ጫፍ ላይ ከታየ ቫይረሱ ወደ ዓይን በሚሄደው ነርቭ ላይ ነው ማለት ነው። ዓይኑ ገና ባይቀላም የዓይን ሐኪም በዚያው ቀን ማየት አለበት። በየካ በኩል ላለ ነዋሪ የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ በዓይን ሕክምናው ከጥንት የታወቀ ነው።

ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቅም

አሁን የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ላይ ደረስን። እንበልና አንዲት እናት በግንቦት ግንባራቸው ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣባቸው። በሰኔ ደረቀ። በመስከረም አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ልጆቻቸው ተሸክመው ድንገተኛ ክፍል ያደርሷቸዋል። ሐኪሙ ግፊት አላቸው ወይ፣ ስኳር አላቸው ወይ፣ ወድቀዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሽፍታው ከተረሳ ሦስት ወር ሆኖታልና የሚያነሳው የለም። ሕክምናው እንደ ማንኛውም ስትሮክ ይቀጥላል፤ ቫይረሱ ግን በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሥራውን አያቆምም። ይህ ስትሮክ ሊደጋገም የሚችለው ለዚህ ነው።

በዚያች ሰዓት ከልጆቹ አንዱ «ከጥቂት ወራት በፊት ግንባሯ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር» ቢል የምርመራው አቅጣጫ ሊቀየር ይችላል። ሐኪሙ በኤምአርአይ ወይም በሲቲ ስካን የአንጎሉን ጉዳትና የደም ሥሮቹን መጥበብ ይመለከታል። ከጀርባ በመርፌ የሚወሰደው የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽም ይመረመራል። በፈሳሹ ውስጥ የቫይረሱን ዘረመል መፈለግ ይቻላል፤ ስትሮኩ ዘግይቶ ሲመጣ ግን ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ይበልጥ ያጋልጠዋል። ይህ ሁለተኛው ምርመራ በአገራችን በየቦታው የሚገኝ አይደለም። ላቦራቶሪው ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ የቤተሰብ ትዝታ ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ሕክምናው አሳይክሎቪር በደም ሥር ለሁለት ሳምንት ገደማ መስጠት ነው፤ እንደ ሁኔታውም መቆጣቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ ይጨመራል። ይህ የሚሰጠው ተኝቶ በመታከም ነው፤ በቤት የሚሞከር አይደለም።

አንድ ቤት ውስጥ ከማን ወደ ማን?

በሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ትውልድ አብሮ ሲኖር የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ።

አያት አልማዝ ባለጭራ ይዟቸው ሕፃኑን ቢያቅፉ ምን ይሆናል? ሕፃኑ አልማዝ ባለጭራ አይይዘውም። ጉድፍ ይዞት የማያውቅ ከሆነ ግን ከሽፍታው ውሃ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ሽፍታው በንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ ይሸፈን፤ እጅ ይታጠብ፤ ፎጣና አንሶላ ለየብቻ ይሁን። ሁሉም ደርቆ ቅርፊት ከያዘ በኋላ አያስተላልፍም። አያትን ከክፍል ወደ ክፍል ማሸሽና ማግለል ግን አያስፈልግም።

ልጁ ጉድፍ ይዞት ከአያቱ ጋር ቢተኛስ? አያት በልጅነታቸው ጉድፍ ከያዛቸው የልጅ ልጃቸው ጉድፍ አልማዝ ባለጭራ አያመጣባቸውም፤ የእሳቸው ቫይረስ ከውስጣቸው ነውና። ይዟቸው የማያውቅ ከሆነ ግን ጉድፍ ሊይዛቸው ይችላል፤ በአዋቂ ላይ ደግሞ ይከብዳል።

ይበልጥ መጠንቀቅ የሚገባው ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ ሕፃንና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው፣ ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና ላይ ላለ ነው። በተለይ እናት በምትወልድበት ሰሞን ጉድፍ ከያዛት ለሕፃኑ አደገኛ ነው። ጉድፍ ይዟት የማታውቅ ነፍሰ ጡር ከሕመምተኛ ጋር ከተገናኘች ምልክት ሳትጠብቅ ለሐኪሟ ትንገር።

ጉድፍ የያዘው ልጅ ትኩሳት ሲኖረው ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሰጠው። አስፕሪን ግን ፈጽሞ አይሰጠው፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ አደገኛ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ጥፍሩ ይቆረጥ፤ ገላው ይታጠብ። «ጉድፍ ውሃ አይወድም» የሚለውን አትስሙ፤ ንጽሕና ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ይረዳል።

የአንድ አባት ክትባት

እ.ኤ.አ. በ1964 ሚቺያኪ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ለምርምር አሜሪካ፣ ቴክሳስ ነበር። የሦስት ዓመት ልጁን ጉድፍ ያዘው። ሽፍታው መላ ሰውነቱን ሸፈነው፤ ትኩሳቱ በረታ፤ መተንፈስም አስቸገረው። አባትና እናት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁት አደሩ። ልጁ ዳነ። አባትየው ግን የቫይረስ ተመራማሪ ሆኖ ለዚህ በሽታ መከላከያ አለመኖሩ አልዋጥልህ አለው። አገሩ ተመልሶ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የጉድፍ ክትባትን ለዓለም አስተዋወቀ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ፈቀደችው፤ ዛሬም በብዙ አገሮች ልጆች ይከተቡታል። ለአልማዝ ባለጭራ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በሁለት ዙር የሚሰጥ ክትባት አለ፤ አሁን በስፋት የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ነው።

ሁለቱም ክትባቶች በአገራችን መደበኛ የመንግሥት የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የሉም። አቅሙ ያለው ወይም ከውጭ የሚመላለስ ቤተሰብ ስለ ክትባቶቹ ሐኪሙን ሊያማክር ይችላል። የጉድፉ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡርና የመከላከል አቅሙ በጣም ለደከመ ሰው አይሰጥም። ክትባት ለሌለን ለብዙዎቻችን ግን ያለን መከላከያ ሦስት ነው፦ ቶሎ መታከም፣ ማስተዋልና ማስታወስ።

ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጠፍ

• የልጁ የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ ጉድፍ የወጣበትን ወርና ዓመት ይጻፉ። አያት አልማዝ ባለጭራ ከያዛቸው ቀኑንና የወጣበትን ቦታ በሕክምና ካርዳቸው ላይ ይመዝግቡ።

• አልማዝ ባለጭራ ሲታይ በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ግንባር፣ ዓይን፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ከሆነ በዚያው ቀን።

• ከሽፍታው በኋላ ለአንድ ዓመት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነቅታችሁ ጠብቁ። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ ዓይን በድንገት ሲጋረድ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ አትጠብቁ።

• የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939 ይገኛል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት አስታውሱ፤ ሕመምተኛው መዋጥ መቻሉ ሳይታወቅ ምግብም ክኒንም አትስጡ።

• ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ባትጠየቁም ተናገሩ፦ «ጉድፍ ወጥቶበት ነበር»፣ «አልማዝ ባለጭራ ይዟት ነበር»፣ መቼና የት እንደነበረም ጨምሩ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ገንዘብ አትጠይቅም፤ ለልጅዎ ወይም ለእናትዎ ግን እጃቸውንና አንደበታቸውን ልታተርፍ ትችላለች።